በዐቢይ ጾም የተገዛ ከበሮ

እቃ መግዛት የማይሆንለት ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ አርብ ገበያ ከተማ ብቅ በሉና እኔን ጠይቁ። “ያ የፊዚክስ መምህር” ብትሉ ማንም ቤቴ ድረስ ያደርሳችኋል። ጃንጥላ ገዝቼ በበጋ ብቻ የሚዘረጋ ሆኖብኛል። ላም ገዝቼ ደግሞ ከሸጠልኝ ሰውዬ በቀር ለማንም የማትታለብ ሆና አገኘኋት። ሰውዬው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያልባል፤ ለድካሙም ግማሹን ወተት ይዞ ይሄዳል። ባለቤቴ የሺ “ላሚቷን እኛ ነን የገዛናት ወይስ እሱ ነው ግቢያችንን የገዛው?” ትለኛለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ደብራችን ማርያም ከበሮ ግዛ ብላ የላከችው። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጠፋም። የድሮውን ከበሮ የሰበርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ማርያም ነው። ታቦቷ ወጥታ፣ ካህናቱ እያሸበሸቡ፣ ሕዝቡ እልል እያለ፣ ከበሮውን መሪጌታ ጥበቡ ይመቱ ነበር። መሪጌታ ጥበቡ የደብራችን የዜማ መሪ ናቸው። ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ተምረው፣ አገር ዞረው አቋቋም ተምረው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በዚያች ደብር ቆመዋል። ከበሮ ሲመቱ አይታችሁ ቢሆን ኖሮ ስለ እጃቸው ብዙ ባላወራሁ። መዳፋቸው ቆዳው ላይ ያርፋል እንጂ የሚመታ አይመስልም፤ ድምፁ ግን ደረት ውስጥ ይገባል። እኔ እንደሆንኩ የሚያምር ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማየት አልችልም፤ መንካት አለብኝ። ተጠግቼ “መሪጌታ፣ እስቲ እኔም አንድ ጊዜ ላገልግል” አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አውልቀው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ።

መምታቱ ባልከፋ ነበር። ዘለልኩ። ዝለል ያለኝ የለም፤ እሳቸውም ሲመቱ አይዘሉም። ሁለተኛው ዝላይ ላይ ማንገቻው ተበጠሰና ከበሮው ወደቀ። ወድቆ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ደብራችን ጉብታ ላይ ስለሆነች ቁልቁል ይንከባለል ጀመር። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተከፍሎ አሳለፈው። አንዲት ባልቴት የበዓሉ ሥርዓት መስሏቸው ሲያልፍ እጅ ነሡት። እኔ ከኋላው እሮጣለሁ። መጨረሻ ላይ ከበሩ አጠገብ ካለው ወይራ ጋር ተላትሞ ቆመ፤ ስደርስ ግንዱ ከአፍ እስከ አፍ ተሰንጥቋል።

ቆዳው ቢቀደድ ይቀየራል፤ ጠፍሩ ቢላላ ይጠበቃል። የተሰነጠቀ ግንድ ግን ለማገዶ እንጂ ለማኅሌት አይሆንም። ያን ቀን የተቆጣኝ ሰው ብዙ ነው። መሪጌታ ብቻ ትከሻዬን ነክተው “አይዞህ” አሉኝ። ከስድቡ ሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

ያመመኝም ያለ ምክንያት አይደለም። መሪጌታ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው “ይቺን ፋሲካ መትቼ ከበሮውን ለወጣቶቹ አስረክባለሁ” ብለው ለደብሩ አስታውቀው ነበር። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የሚካኤል ደብር አለ። የእነሱ ከበሮ ነፋሱ ሲመች እኛ ቅዳሴ ላይ ቆመን ይሰማናል፤ ነፋሱን እነሱ የሚያዙት ይመስል ይኮሩብናል። የእኛ መሰበር በተሰማ በማግስቱ “ለፋሲካ እናውሳችሁ?” ብለው መልእክት ላኩ። አነጋገሩ ደግነት ነው፤ ውስጡን ግን እኛ እናውቀዋለን። መሪጌታ ጥበቡ ከዕድሜ ልክ አገልግሎት በኋላ የመጨረሻውን ፋሲካ በውሰት ከበሮ፣ ያውም በሚካኤሎቹ ከበሮ ሊመቱ ነው። ያውም በእኔ ዝላይ።

ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ምእመኑ የቻለውን አዋጣ፤ የተዋጣው ግን አዲስ ደህና ከበሮ የሚገዛ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። ስልኬ ላይ ፈረንጆች አሮጌ ከበሮ ሲመርጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ስመለከት ሰንብቼ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ኳ ኳ ያደርጉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም መነቅነቁን ተለማምጃለሁ።

“ቪንቴጅ የሚባል ነገር አለ” አልኩ ሞቅ ብሎኝ።

“ምን ማለት ነው?” አሉ ሰብሳቢያችን ቄሰ ገበዙ።

“አሮጌ ሆኖ ከአዲሱ የሚበልጥ፣ ስለዚህም ከአዲሱ የሚወደድ ማለት ነው።”

ቄሰ ገበዙ የተዋጣውን ገንዘብ የቋጠሩበትን መሐረብ አየት አድርገው “እንግዲያስ አንተ አሮጌ ሆኖ ከአዲሱ የሚበልጥ፣ ዋጋው ግን እንደ አሮጌነቱ የሆነውን ፈልገህ አምጣ” አሉኝ።

በዚሁ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ከበሮው የሚለብሰው ጨርቅ ቀይ ይሁን ወይስ አረንጓዴ በሚለው ላይ ሦስት እሑድ ተከራከርን። ክርክሩ ሲያልቅ ጾሙ ገብቷል።

የጾሙን መግባት ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። እኔ ግን ያን ቀን ገበያ ስወጣ ጾሙን የማስታውሰው በሆዴ ብቻ ነበር። ከገመድና ከጠፍር ሻጮች ጎን አንድ ሰው ሁለት ሦስት ከበሮ ደርድሮ ተቀምጧል። አንዱ ቀይ ከፋይ ለብሶ ያበራል። ጎንበስ አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት፣ በመዳፌ አንድ ጊዜ አሳረፍኩበት።

ድም አለ።

ገበያው ዝም አለ ብላችሁ አጋነነ ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን የሰማሁትን ነው የምናገረው። ሻጩ እጄን ለቀም አድርጎ ያዘና “መምህር፣ ምን ነካዎት? ጾም እኮ ነው” አለኝ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ማኅሌቱ በመቋሚያ ብቻ ነው፤ ከበሮው ተሰቅሎ እስከ ቀዳም ሥዑር ጠዋት ድረስ ድምፅ የለውም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እጄ ግን አላወቀም ነበር። አንድ ገበሬ አህያውን አቁሞ ካየኝ በኋላ ለአህያው ይሁን ለእኔ እንጃ፣ “ሂድ” አለ። ሄድኩ።

ቤት ስደርስ የሺ በር ላይ ቆማለች። “ስንት ጊዜ መታኸው?” አለችኝ።

“አንድ ጊዜ።”

“ሰፈር ውስጥ ሰባት ደርሷል” አለችና ገባች።

ያን ጊዜ ነው የገባሁበት ማጥ የታየኝ። ከበሮ ልገዛ ነው፤ ከበሮ ደግሞ መምታት አልችልም። የገዛሁት ከበሮ የመጀመሪያ ድምፁ የሚሰማው በቀዳም ሥዑር ጠዋት፣ ካህናቱ ቄጠማ ሊያድሉ ሲወጡ፣ በመላው ደብር ፊት ነው። እኔ አይቼና ዳስሼ የገዛሁት ነገር ሁሉ ጉድ ሠርቶኛል። ሳልሰማ የምገዛው ምን ሊሆን ነው?

በማግስቱ ጠዋት መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ግቢዬ መጡ። ወንበር አወጣሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

“መታህ አሉ” አሉኝ።

“አንድ ብቻ ነው መሪጌታ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ዛሬውኑ እሄዳለሁ።”

“እሱን ከንስሐ አባትህ ጋር ትጨርሳላችሁ። እኔ የመጣሁት ድምፁ እንዴት ነበር ብዬ ልጠይቅህ ነው።”

“ደህና ይመስላል።”

“ደህና ማለት ምንድን ነው? ከተመታ በኋላ ቆየ ወይስ ወዲያው ጠፋ?”

“እሱን አላስተዋልኩም። ደንግጬ ነበር።”

“በል፣ ነገ ብቻህን አትሄድም” አሉ።

እስቴ ውስጥ አሮጌ ከበሮ ያለው ሰው አለ ተብሎ ተነግሮኝ ነበርና ወደዚያው ተነሣን። ሁለት መኪና ቀይረን፣ ሁለታችንም ጾመን፣ መሪጌታ በየጉድጓዱ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ እኔ በየጉድጓዱ ሆዴን እየያዝኩ ደረስን። ሰውዬው ከበሮውን ከጓዳ አወጣው። ጥቁር ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ጠፍሩ የጠቆረ፣ አፉ የወየበ፣ ዕድሜ የጠገበ። “የአያት የቅድመ አያት ነው” አለ ሰውዬው። እኔ በሆዴ ሁለት መቶ ዓመት ሰጠሁት። ስልኬን አውጥቼ በግራም በቀኝም ፎቶ አነሣሁት፤ አጠገቡ ቆሜም ራሴን አነሣሁ። የወዳጅነት ፎቶ ነው። መሪጌታ ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው “እፍኝ ጤፍ ይኖራችኋል?” አሉ።

ጤፉ መጣ። ከበሮውን በጠፍሩ ብቻ አንጠልጥዬ እንድይዘው አደረጉና ሰፊው አፍ ላይ ጤፉን ሣሣ አድርገው በተኑት። ከዚያ ከታች በኩል ወዳለው ጠባብ አፍ ጎንበስ ብለው፣ ጉልበታቸው እየቆረጣጠማቸው፣ ለጾም የሚባለውን ዜማ በዝግታ፣ በወፍራም ድምፅ ያዜሙለት ጀመር። አልመቱትም። በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። ሲያዜሙ ዓይናቸው ጤፉ ላይ ነው።

ጤፉ ዝም ብሎ ተኝቷል። አንድ ሁለት ፍሬ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም እኔ በረኀብ ስንቀጠቀጥ ነው።

መሪጌታ ቀና ብለው ከበሮውን አሸተቱት። “ይህ ከበሮ የት ነበር የተሰቀለው?”

“ቤት ውስጥ” አለ ሰውዬው።

“የትኛው ቤት?”

“ማድ ቤት።”

“ከምድጃው በላይ?”

ሰውዬው አንገቱን አከከ። “ትንሽ ወደ ምድጃው ጠጋ ይላል።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከኅዳር ወዲህ።”

የሁለት መቶ ዓመቱ ከበሮዬ አራተኛ ወሩን ሊይዝ ነው። ጭሱ ላዩን አጥቁሮታል፤ ግንዱ ገና እርጥብ ነው። መሪጌታ አልተቆጡም፤ ሰውዬውም ብዙ አላፈረም፤ “የፈለጉት አሮጌ አይደለም እንዴ?” አለ እንጂ። ጤፉን ጠርገን መለስንለት። ፎቶዎቹን ግን እስከ ዛሬ አላጠፋኋቸውም።

ከግቢው ስንወጣ እኔ ከበሮውን ረስቻለሁ። ክፍል ቆሜ “ድምፅ ማለት ንዝረት ነው” እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉን በጠመኔ እየገለበጥኩ “ላቦራቶሪ ቢኖረን ኖሮ አሳያችሁ ነበር” እያልኩ አዝኜ እወጣለሁ። ላቦራቶሪው ለካ እፍኝ ጤፍ ነው። ላቦራቶሪው ለካ በየእሑዱ ጎኔ ቆመው የሚያስቀድሱት ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እያለ ነው እኔ ስልክ ላይ ራስ መነቅነቅ የምማረው።

“መሪጌታ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?” አልኳቸው።

“ሞላ ነው” አሉ። “ቤተ ልሔም ስንማር ጓደኛዬ ነበር። ጾም ሲገባ ከበሮ ይናፍቀናል፤ መምታት የለም። አንድ ቀን የቆሎውን ትራፊ የራሱ ከበሮ ላይ በተነና ‘ና፣ ሳንመታው እናስጨፍረው’ አለኝ። እሱ ከታች ያዜማል፣ እኔ ከላይ አያለሁ። ያ ከበሮ አሁን ወገዳ፣ ሞላ ቤት ነው። ዋንዛውን ፈልፍሎ የሠራው ራሱ ሞላ ነው፤ ተማሪ ሲያስተምርበት ኖረ። እንደሱ ያለ ከበሮ እኔ አልሰማሁም።”

“ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ወገዳ አልሄድንም?”

መሪጌታ መሬት አዩ። “ሞላ ባለፈው ሐምሌ ዐረፈ። ለቅሶ አልደረስኩም።”

ይህን ለእኛ አገር ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ለሌላው ግን ልንገር፦ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ያ ቤት ያለበትን መንገድ እንኳ ይሸሻል። “መጀመሪያ ወንዙ ሞልቶ ነበር” አሉኝ። “ከዚያ ጉልበቴ ነው አልኩ። ከዚያ አጨዳ ነው አልኩ። እየቆየሁ በሄድኩ ቁጥር መሄዱ ከበደኝ። ለከበሮ ብዬ እንዴት በዚያ ደጅ እገባለሁ?”

እኔ ብልሃተኛ ሰው አይደለሁም። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። “ለከበሮ አንሂድ። ለለቅሶ እንሂድ” አልኳቸው። ከእስቴ ወገዳ የምትሄደው መኪና ጥሩንባዋን እየነፋች ነበርና ሮጠን ተሳፈርን።

ወገዳ ዳር ያለው የሟቹ ቤት ደጃፍ ስንደርስ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና “ወንድሜን” ብለው ጮኹ። ባለቤቲቱ እማማ ጥሩ ከውስጥ ወጡ። ቀጭን፣ ጥቁር የለበሱ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። መሪጌታን አዩና “አሁን ነው የሚመጡት?” አሉ።

“አሁን ነው” አሉ መሪጌታ። “ምንም የምለው የለኝም።”

እማማ ጥሩ ደረታቸውን መቱና ለቅሶው ተጀመረ። እኔም ሥርዓት ነውና ለወጉ ያህል ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያ ቀስ እያለ የራሴ ጉድ ሁሉ መጣብኝ፤ ቁልቁል የተንከባለለው ከበሮ፣ ሰፈር ውስጥ ሰባት የደረሰው ምት፣ የላሚቷ ግማሽ ወተት። ለጥቆም ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ ሳይ የእውነት ሆነብኝና ከሁለቱም በላይ ጮኽኩ። ኋላ እማማ ጥሩ የራሳቸውን ትተው እኔን ማጽናናት ያዙ።

“ልጄ፣ ሞላን ታውቀው ነበር?”

“የለም፣ አላውቃቸውም” አልኩ እያለቀስኩ።

ሴትዮዋ መሪጌታን አዩ፤ መሪጌታም “እንዲሁ ነው፣ ተይው” አሏቸው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። እማማ ጥሩ “ንፍሮ እንኳ ሳልቀቅል” ብለው ተነሡና ወደ ጥጉ ሄዱ። በሰፌድ ባቄላ እየዘገኑ ሲያወጡ ዓይኔ ተከተላቸው። የሚዘግኑት ከከበሮ ውስጥ ነው። አንድ አፉ ተቀዷል፤ በተቀደደው በኩል ወደ ላይ አድርገው ጎተራ አድርገውታል። አቧራ ለብሷል፣ አንድ ጠፍሩ ተፈትቷል፣ ጥግ ላይ ድመት ተደግፋው ተኝታለች። በእኔ ምርጫ ቢሆን ከዚያ ባቄላውን እገዛ እንደሆነ እንጂ ከበሮውን በነጻ አልወስደውም ነበር።

ንፍሮው ተበልቶ ሰው ከተሸኘ በኋላ መሪጌታ ስለ ማርያም ከበሮ፣ ስለ መሰበሩ፣ የሰበረው ማን እንደሆነ ሳይቀር ተናገሩ። እማማ ጥሩ ሰምተው ሲያበቁ ነጠላ አነጠፉ። የቀረውን ባቄላ በነጠላው ላይ ገለበጥነው። ጤፍ መጣ። እኔ ከበሮውን በጠፍሩ አንጠልጥዬ ያዝኩ፤ መሪጌታ በተቀደደው አፍ በኩል ጎንበስ አሉ።

ገና ድምፃቸውን ሳያጠነክሩ ጤፉ ተነሣ። ሰፊው ቆዳ ላይ መጀመሪያ እንደ መንቀጥቀጥ አለ፤ ዜማው ዝቅ ሲል መሐሉን ለቆ ወደ ዳር ሄደ፤ ከፍ ሲል ተሰብስቦ ተመለሰ። እጄ ላይ ጠፍሩ ሲነዝር ይሰማኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ፊቴ ላይ እያሸበሸበ ነው። መሪጌታ ዜማውን ጨርሰው ዝም ካሉም በኋላ ጥቂት ፍሬዎች ትንሽ ቆይተው ነው የተቀመጡት።

“ቆየ” አሉ መሪጌታ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“እሱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው” አሉ እማማ ጥሩ። “ልክ እንዲሁ፣ እንደ እርስዎ አጎንብሶ።” ቀጥለውም “አልሸጠውም” አሉ።

ከበሮውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩ።

“ባሌ የሠራውን አልሸጥም። ባዶውን ሲቆም አንጀቴን ስለበላኝ ነው ባቄላ ያደረግሁበት። ለማርያም ከሆነ ግን ይሂድ። ብቻ የመጀመሪያውን ምት እኔም ልስማው።” በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን ባለ ቁልፍ ስልክ አሳዩን። መሪጌታ የተዋጣውን ገንዘብ አውጥተው “ይህ የከበሮ ዋጋ አይደለም፤ ለሞላ ሙት ዓመት የማርያም ደብር ያዋጣው ነው” አሏቸው። ትንሽ አሰቡና ተቀበሉ። እኔም ሮጬ ከወገዳ ገበያ ለባቄላው ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል ገዛሁ። እኔ መርጬ የገዛሁት ስለሆነ ክዳኑ አልገጠመም።

ስንወጣ እማማ ጥሩ “ቆዩ፣ ልጥረግላችሁ” ብለው እጃቸውን በተቀደደው አፍ አስገብተው ለረጅም ጊዜ ውስጡን ዳበሱት። እኛ ፊታችንን መለስን።

የቀረው ጠባቡን አፍ ማልበስ ነው። እሱም ጾሙ ያመጣው ሌላ ጣጣ ሆነ፤ በጾም በሬ የሚያርድ የለምና ቆዳ ከየት ይመጣል? ያለው አንድ ብቻ ነበር፤ ለገና በቅርጫ ካረድነው በሬ የደረሰን፣ የሺ አስለፍታ ምንጣፍ ልታደርገው ቆጥ ላይ ያስቀመጠችው። እንዴት እንደለመንኳት አልነግራችሁም፤ ውለታው አሁንም እየተከፈለ ነው። ነክረን፣ ሰፍተን፣ በጠፍር ወጥረን በፀሐይ አደረቅነው። ጨርቁም አንድ ወገን ቀይ፣ አንድ ወገን አረንጓዴ ሆነና ሰበካ ጉባኤው ታረቀ። ከዚያ ከበሮው ተሰቀለ። ማንም አልመታውም። እስከ ሕማማቱ መጨረሻ ድረስ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ እሱም ምንም አይለኝም።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ግቢው ሞላ። ከሚካኤል ደብር አንድ ዲያቆን “ልሳለም” ብሎ መጥቷል፤ መሳለሙን ትቶ ከበሮውን ነው የሚያየው። በግቢያችን ስልክ የሚሠራው ከደወሉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ እኔ እዚያ ወጥቼ ለእማማ ጥሩ ደወልኩና ስልኩን ወደ ካህናቱ ዘርግቼ ቆምኩ። መሪጌታ ጥበቡ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ማንገቻውን ሁለት ጊዜ የመረመርኩት እኔ ነኝ። ቄጠማው ተነሣ፣ ዜማው ተጀመረ፣ መዳፋቸውም ወረደ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ድምፁ ከድንጋዩ ገብቶ በእግሬ ወጣ። እርግቦች ከጣራው ተነሡ። ሁለተኛው ምት ሲወርድ የመጀመሪያው ገና አልጠፋም። ቄሰ ገበዙ ቄጠማውን ይዘው ማደሉን ረሱ፤ የሚካኤሉ ዲያቆን አፉን ከፈተ። እኔ ከዚያ በፊት ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአራተኛው ምት ላይ ከከበሮው ውስጥ ቅል የሚል ድምፅ መጣ።

መሪጌታ እጃቸውን አቆሙ። ቀስ ብለው ዘንበል አደረጉት፤ አንድ ነገር ከአፍ ወደ አፍ እየተንከባለለ ሄደ። ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ድንጋዩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ቆዳው ሲሰፋ አጠገቡ የነበርኩት፣ “ንጹሕ ነው፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ” ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። የሚካኤሉ ዲያቆን አፉን ገጠመና ፈገግ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ስልኩ ውስጥ የእማማ ጥሩ ድምፅ ተሰማኝ።

“ወረደች?” አሉኝ።

“ምኗ?”

“ባቄላዋ። ሞላ ሲፈለፍለው መጥረቢያው ያለፈበት ጎድጎድ አለ፤ እዚያ ሰክቻት ነበር። ካልተመታ አትወርድም ብዬ ነው። ከቤቱ ባዶውን እንዳይሄድ አንዲት ፍሬ ላስይዘው ብዬ ነው፣ ልጄ። አበላሸሁባችሁ?”

ስልኩን ይዤ ከድንጋዩ ወረድኩ። ወዲያው ተቋረጠ። መሪጌታ ጆሮ ላይ የሰማሁትን ተናገርኩ። ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ግቢው ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። መሪጌታ ከበሮውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

“ሂድ ድንጋዩ ላይ ውጣ” አሉኝ። “መልሰህ ደውልላት። አላበላሸሽም በላት።”

ወጥቼ ደወልኩ። እሳቸውም መቱ። ከምቱ ሥር ቅል፣ ከምቱ ሥር ቅል፤ ትንሽ ቆይቶ ጸናጽሉ ራሱ ከእሷ ጋር ይሄድ ጀመር። እማማ ጥሩ መጨረሻው ድረስ ከስልኩ አልተለዩም። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማኛል።

አሁን ከበሮውን ወጣቶቹ ተረክበዋል። ሰበካ ጉባኤው ቆዳው ተፈትቶ ባቄላዋ ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ላይ ሦስት እሑድ ተከራክሮ ትቆይ ብሏል። ሚካኤሎቹም የእነሱ ከበሮ ውስጥ አንዲት አተር ጥለው እንደሞከሩ ሰምተናል፤ አልሆነላቸውም አሉ። የሺ “በዕድሜህ አንድ እቃ ሳትሳሳት ገዛህ” ትለኛለች፤ አልገዛሁትም እላታለሁ። መሪጌታ ጥበቡ ማኅሌት ሲቆም ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ባለፈው በዓል ጎንበስ ብዬ “ወጣቶቹ እንዴት ናቸው፣ ይመቱታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እነሱን አልሰማኋቸውም” አሉኝ። “እኔ ሞላን ነው የምሰማው።”